ገበያ ያልወጣች ሽመላ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4

እንደ ማንኛውም ቅዳሜ። ቁርስ፣ ጋዜጣ፣ ከዚያ ጋሼ ሱቅ። ስወጣ ባለቤቴ "ለጣውንቴ ሰላም በልልኝ" አለች። ከተጋባን ጀምሮ ያው ቀልድ። እኔም ከተጋባን ጀምሮ እስቃለሁ። ትዳር ማለት ይኸው መሰለኝ።

ጋሼ የድሮ ሳንቲም ይሸጣሉ። ሱቃቸው በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መሃል ተሸጉጣለች። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ ይቆማል። ደግነቱ ሦስት ሰው ገብቶ አያውቅም። እኔ፣ እሳቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለው የቆመ ሰዓት።

ዛሬ መስታወቱ ስር አዲስ የገባች ባለእርግብ አየሁ። ወፍ ከተቀረጸባቸው ሰባት የድሮ የብር ሳንቲሞች ስድስቱ አሉኝ። የኔ ባለእርግብ ግን አለችኝ ለማለት ያህል ናት። ስንቱ እጅ አሽቷት እርግብ ትሁን ድንች አይለይም። ሰባተኛዋ ባለሽመላዋ ናት... እሷስ ትቅር። ከመጽሐፍ በቀር በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝ። ለማንም አይሰጡም። "ከጎን ያዛት" አሉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ጣቴ ፊቷን እንዳይነካ። ከዚያ ወደ መሳቢያቸው ጎንበስ ብለው "ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አሉ።

እኔ ደግሞ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ... እርግቧን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ፈለግኋት። ወዲያው መጣች። "ጋሼ፣ እዚህ እኮ በግማሽ ዋጋ ነው" አልኩ። ለነገር አልነበረም። ለመረጃ ያህል ነው።

የከፈቱትን መሳቢያ መልሰው ዘጉት። ቆለፉት። መነጽሩን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱ።

"ስልክህ ያጉላልህ" አሉ።

በቃ። እኔ ምን አልኩ? ዋጋ ማየት ነውር ሆነ? ስወጣ ጫማ ሰፊው "ዛሬ ምነው ቶሎ?" አለኝ። ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩም።

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታው ቀርቷል። ሽማግሌው። አለ፣ ዘጋ፣ ቆለፈ። በገዛ ማስታወሻዬ ማን ይቆጣኛል?

እሑድ፣ ጥቅምት 5

ሳስበው ልክ ነኝ። ባለቤቴንም ጠየቅኋት። "ልክስ ነህ" አለች። "ልክ ነህ" እና "ልክስ ነህ" አንድ አይደሉም። ግን አልተከራከርኩም።

በስልኬ የገበያ መተግበሪያ ጫንኩ። ስም ምረጥ አለኝ። "ሳንቲም ለቃሚ" አልኩ። እዚህ ቤት ሽማግሌ የለ፣ መሳቢያ የለ፣ "ከጎን ያዛት" የለ። ፎቶውን በሁለት ጣት ለጠጥ ሲያደርጉት የላባው መስመር ሳይቀር ይታያል። የኔስ ሥራ ይኸው አይደል? ራጅ አንሺ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሳልነካ በምስል ውስጡን ሳይ ኖሬያለሁ። ምስል አይዋሽም።

ግማሽ ዋጋዋን እርግብ አዘዝኩ። ሽማግሌው ይረር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ቤት ዋልኩ። ቅዳሜ ድሮም እንዲህ ይረዝም ነበር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ደረሰች።

ፎቶው ላይ ሳህን አክላ ነበር። እጄ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ናት። ተሳስተው መሆን አለበት ብዬ ማስታወቂያውን መልሼ አነበብኩት። ከታች፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፦ "ለማስታወሻ የተሠራ ቅጂ። መጠኑ የተቀነሰ።" ሻጩ አልዋሸም። ምስሉም አልዋሸም። ታዲያ ማነው የዋሸኝ?

ባለቤቴ መርፌና ክር ይዛ መጣች። ከሰማያዊው ሸሚዜ ላይ አንድ ቁልፍ ወድቆ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

እርግብ ቁጥር ሁለት። ከሌላ ሻጭ። የዚህችን መጠን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፣ ተሞኝቶ መማር ይሉሃል ይህ ነው። ልክ ናት። እጄ ላይ ትንሽ ቀለለችኝ፣ ግን እጄን ማን ጠየቀው?

ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲጠፋ ራጅ ስር አስገባኋት። ነጭ ክብ። ሌላ ምንም። የፀጉር ክር የምታክል የአጥንት ስንጥቅ የምለይ ሰው፣ ነጭ ክብ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ሽማግሌው ቢሆን እንጨቱ ላይ ጣል ያደርጋትና ጆሮውን ያዘነብላል። "ስማት፣ ትናገራለች" ይላል። ስንት ጊዜ አሳይቶኛል። እኔ የምሰማው "ጢን" የሚል ነገር ብቻ ነበር፣ ግን እንደገባኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ማታ ባለቤቴ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት ነቅላ አስጠጋችላት። እርግቧ ዘላ ተለጠፈች። ብር ማግኔት አይወድም። ቆርቆሮ ግን ነፍሱ ነው። አሁን ከማግኔቷ ጋር የአስቤዛ ዝርዝራችንን ይዛ በሩ ላይ ተሰቅላለች።

"ቢያንስ ሥራ አገኘች" አለች ባለቤቴ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ታቅፋ መጣች። ልጅቷ ሳንቲም ውጣለች። አነሳኋት። ምስሉ ላይ፣ ሆዷ ውስጥ፣ ጥርት ያለ ነጭ ክብ። ሐኪሙ አየና "በራሷ ትወጣለች፣ አይዞሽ" አላት። እኔ ግን ምስሉ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የማየው እውነተኛ ሳንቲም ነው።

"ስንት ዓመቷ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አራት" አለች እናትየው።

የሳንቲሟን ነበር የጠየቅሁት።

ሐኪሙ ገብቶታል። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ዕረፍት መቼ እንደወሰድኩ ጠየቀኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት፣ እስኪያማት ሳቀች። ግን እሷ የሳቀችው በኔ ነው። ሽማግሌው ቢሰማ ይሄን ወሬ... እሱ ይስቅና፣ ዓይኑን ይጠርግና፣ "እና ስንት ዓመቷ ነበር?" ይለኛል። ከሱ በቀር ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

አንድ ሻጭ አገኘሁ! ስሙ "ዝምታ ወርቅ" ነው። ፎቶዎቹ ቀሽም ናቸው። ጨለማ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጫፍ። ሳንቲሞቹ ግን ሳንቲም ናቸው። ባለእርግብ አለችው።

ጻፍኩለት። ጤና ይስጥልኝ፣ እርግቧ እውነተኛ ናት ወይ? አልኩ። መልሱ ወደ ማታ መጣ። "ጤና ይስጥልኝ። ናት። እርስዎ ካልወደዷት ይመልሷት።"

ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው። አንቱታ፣ ጨዋነት፣ አጭር ቃል። ዋጋው ያው ሽማግሌው የጠራው ነው። የፖስታው ሲጨመር እንዲያውም ከፍ ይላል። ይሁና። ለጨዋነት ይከፈላል።

የፖስታ ሣጥን ቁጥሬን ላክሁለት። የቤት አድራሻ አልሰጥም። ሰው አይታመንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

መጣች። በጥጥ ተጠቅልላ፣ በትንሽ ካርቶን። ስከፍታት እጄ ላይ ከበደችኝ፣ ያኔ ነው ያመንኩት። ክብደት በፎቶ አይላክም... ይህን የሚለው ሽማግሌው ነው። ለምን ትዝ አለኝ?

"ደረሰች፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ጻፍኩ። መለሰልኝ፦ "ከጎን ያዛት።"

ሰብሳቢ ሁሉ የሚለው ኖሯል! ሽማግሌው እኮ ብቻውን የፈጠረው ይመስለዋል።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። አንቱታው ቀርቷል። "ያዛት" ነው የሚለው፣ "ይያዟት" አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። በኋላ ሳስበው ዘመኑ ነው። በስልክ ውስጥ ትልቅ የለ ትንሽ የለ፣ ሁሉም እኩል። ወጣት መሆን አለበት። እኔ በበኩሌ አንቱታዬን አልተውም። ልማድ ነው።

እርግቧ ሽማግሌው ጋ ካየኋት በብዙ ትበልጣለች። ክንፏ ላይ የሆነ ብርሃን አለ፣ የዚያችኛዋ ግን ደብዛዛ ነበር። አምስት ኮከብ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 23

ከዝምታ ወርቅ ጋር ወዳጅ ሆነናል። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይመልሳል። እኔ አንድ ገጽ፣ እሱ አንድ ቃል። ግን ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም።

ዛሬ ሆዴን ዘረገፍኩለት። እኛ ሰፈር አንድ ጠማማ ሽማግሌ አለ፣ ዋጋ ሲጠየቅ እናቱ የተሰደበች ይመስለዋል፣ ሱቁ ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም የለም አልኩት። የመነጽሩንም ነገር አልተውኩ።

መልስ፦ "ሰምቼዋለሁ።"

ይኸው! ዝናው የት ድረስ ሄዷል!

እንዲያ ከሆነማ ብዬ አቧራውን አብራራሁለት። የመደርደሪያውን አቧራ፣ የቆመውን ሰዓት አቧራ።

"አቧራም ዕድሜ ነው" አለ።

ጥልቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወጣት አልቀረም እል ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ፖስታ ሣጥኔን ልከፍት ሄጄ ሽማግሌውን አየሁት። ሰልፍ ላይ። እግሩ ስር ትንንሽ ካርቶኖች ተደራርበዋል። ወዲያው ዓምዱ ኋላ ተሸሸግሁ። ለምን እንደተሸሸግሁ አላውቅም። በልቼ አልካድኩት።

ከስቷል። ኮቱ የሌላ ሰው መስሏል። ዕቃውን እየጠቀለለ ለዘመድ አዝማድ የሚያከፋፍል ነው የሚመስለው። ሱቁን ሊዘጋ ነው ማለት ነው። "የእጁን ነው፣ ከዘመን ጋር የተጣላ መጨረሻው ይኸው ነው" አልኩ በሆዴ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለኝም።

ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ካርቶኖቹን ጎንበስ ብሎ አያነሳም። በጫማው ጫፍ ገፋ፣ ገፋ። ወገቡ ነዋ። ብቅ ብዬ ልይዝለት አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልሄድኩም።

ካርቶኖቹ ዝምታ ወርቅ ከላከልኝ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። እንግዲህ ካርቶን ካርቶን ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

ጫማዬን ላስጠግን ወደዚያ ሰፈር ሄድኩ። ጫማ ሰፊ ሌላ ጠፍቶ አይደለም። ሆን ብዬ አይደለም ብል ደግሞ ለማን ነው የምዋሸው?

የሱቁ መዝጊያ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ቅዳሜ ጠዋት! ጫማ ሰፊው የጫማዬን ተረከዝ እየመታ፣ ሳልጠይቀው፣ "ጋሼ ሰሞኑን ገባ ወጣ ይላሉ፣ ሱቁን እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ አይከፍቱም" አለኝ። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠና ዓይን ዓይኔን እያየ፣

"አንድ ቅዳሜ የማይቀር ደንበኛ ነበራቸው" አለኝ። "እሱም ቀረ።"

ጫማዬን ሳያልቅ ተቀብዬ ሄድኩ። አሁን ግራው ያነክሳል።

አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው የዋለው። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ሰው ያልነካት አንዲት ሳንቲም አሳየኝ። ከማተሚያው ወጥታ በቀጥታ ሣጥን የገባች። እንዲህ ያለችው "ያልተሠራባት" ትባላለች አለኝ፣ እንደ አስተማሪ። እኔም ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ሽማግሌ ሆኜ፣ "ይቺማ ገበያ ያልወጣች ናት" አልኩ። እስኪያስለው ሳቀ። ውኃ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ የሁለታችን ቃል ሆነች። ሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ካለ አንናገራትም፣ እሱ በዓይኑ ብቻ "ያልወጣች" ይለኛል።

ናፍቆኛል። ይኸው ጻፍኩት። ማንም አያነበው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12

ሥራ ቦታ ነኝ። በሽተኛ አስተኝቼ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ ብዬ፣ ወደ ጓዳዬ ገባሁ። ስልኬ በራ። ጠዋት ዝምታ ወርቅን ስለ ባለሽመላዋ ጠይቄው ነበር፣ አይቷት ያውቅ እንደሆነ።

"አለችኝ" ይላል።

አለችኝ! ስንት? አልኩት። "አትሸጥም።" እሺ ፎቶዋን ብቻ? "ፎቶ አይገልጻትም።" ልለምነው ልጀምር ስል ከወዲያ በኩል የታነቀ ድምፅ መጣ።

"ልተንፍስ?"

ሰውየውን ረስቼው ነበር። ቀልቷል። ይቅርታ ጠየቅሁ። ምስሉ ግን ቆንጆ ወጥቷል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13

ዛሬም ወጠርኩት። ጠርዟስ? ሽመላዋ አንድ እግሯን አንስታለች ወይስ በሁለቱም ቆማለች? ታሽታለች? የስንት ሰው እጅ አይቷታል?

መልስ፦ "የማንም። ገበያ ያልወጣች ናት።"

ቆይ።

ያው ዕለት

ይህን ቃል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሽመላ የለኝም።

መልእክቶቹን ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። "እርስዎ ካልወደዷት ይመልሷት።" ከሥሩ የኔ የፖስታ ሣጥን ቁጥር። ከሥሩ "ከጎን ያዛት።" አንቱታው የወደቀው እዚያች መስመር ላይ ነው። ዘመናዊነት! እኩልነት! ያን ቁጥር እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ አዲስ ዕቃ ሲገባ ካርድ የሚልኩልኝ በዚያ ሣጥን ነበር። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ስሜን ደብቄ፣ ቤቴን ደብቄ፣ በእጃቸው መታወቂያዬን አስቀምጬላቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ታች... "ጠማማ ሽማግሌ።" ለራሳቸው። "ሰምቼዋለሁ።" ወይ ጉዴ። የመደርደሪያቸውን አቧራ ለባለ መደርደሪያው አብራርቻለሁ።

ይኸው፣ "እሳቸው" እያልኩ ነው። መቼ ተመለሰ? እጄ ዝም ብሎ ጻፈው።

ባለቤቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አልሳቀችም። ሰላሳ መልእክት አንብባ ስትጨርስ ስልኩን መለሰችልኝ።

"እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ለጣውንቴ ደብዳቤ ስትጽፍ ነበራ" አለች። ያኔ ሳቀች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 15

ትናንት ተናድጄ ዋልኩ። አወቁ፣ ዝም አሉ፣ ሳቁብኝ። መጫወቻ አደረጉኝ። አንድ ኮከብ ልሰጣቸው ሁሉ ከፍቼ ነበር።

ዛሬ ሌላ ነገር ታየኝ። እንዲያ ስሰድባቸው አንድም መልስ አላስቀሩም። አንዱንም። ጠማማ ቢሆኑ የመጀመሪያዋ ላይ ይዘጉኝ ነበር። እኔ እንኳ ሰላምታ ያልመለስኩት ሰው አለ፣ ጫማ ሰፊው።

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ፊቴ ሞቀ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 18

ሦስት ጊዜ ረጅም ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ አንዲት ቃል ላክሁ።

"ጋሼ?"

መልሱ ከሰዓት መጣ። "ቅዳሜ ክፍት ነው።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 21

ሄድኩ። መጀመሪያ ጫማ ሰፊውን ሰላም አልኩት፣ ዕዳ ነበረብኝ። "የግራው ያነክሳል" አለኝ ገና ከሩቅ።

ጋሼ እዚያው ናቸው። ሰዓቱም እዚያው። መደርደሪያው ግን ተወልውሏል። ማነው ያስወለወለው ብዬ አልጠየቅሁም። መስታወቱ ላይ ካርቶን፣ ጥጥ፣ ፕላስተር። ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ጥጥ አስያዙኝ፣ "ቆንጥር" አሉ። ቆነጠርኩ። እንዲህ ሆነን አንድ ሁለት ካርቶን ሞላን።

ከዚያ ጠየቅኋቸው። ስልክ የሚሉት ነገር ሲጠራ እንኳ የሚደነግጡ ሰው እንዴት ነጋዴ ሆኑበት? ምራታቸው ናት ያስተማረቻቸው። አንድ ቃል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ለካ ዝምታው ጥልቀት አልነበረም! ፊደል ፍለጋ ነበር።

"ግን ለምን ገቡበት?" አልኳቸው።

"ደንበኛዬ ስልክ ውስጥ ገብቶ ቀረ" አሉ ጥጡን እያዩ። "ሄጄ ላምጣው ብዬ ነው።"

ፕላስተር ቆረጥኩ።

እርግቧስ? አልኩ በኋላ። "ያቺው ናት" አሉ። ያቺው! እዚሁ መስታወት ስር የነበረችው። በእግር የሚደረስ ሱቅ ያለች ሳንቲም በፖስታ አዝዤ፣ የመላኪያ ከፍዬ፣ ከዚያችኛዋ ትበልጣለች ብዬ አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ።

መሳቢያውን ከፈቱ። ትንሽ ሣጥን፣ ሣጥኑ ውስጥ ቀይ ጨርቅ። "ያን ቀን ላሳይህ የነበረው ይህችን ነው" አሉ።

ባለሽመላዋ። አንድ እግሯን አንስታለች። አንገቷ እንደ ጥያቄ ምልክት ታጥፏል። ስንት ዓመት የፈለግኋት፣ ከዚያም አልፌ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ያሰስኳት፣ በዚያች ቅዳሜ ከጉልበቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። መነጽሩን ሰጡኝ። ምንም ሳይሉኝ ከጎን ያዝኳት። ተቀብለው እንጨቱ ላይ ጣል አደረጓትና ጆሯቸውን አዘነበሉ። እኔም አዘነበልኩ። ዛሬም "ጢን" ነው የሰማሁት። ግን ድምፅዋ ቆይቶ ነው የጠፋው፣ ያቺ የማቀዝቀዣዋ እንዲህ አትልም።

"ስንት ናት ጋሼ?"

እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ። "ስልክህ ስንት ይላል?"

እንደሚሉኝ አውቄ ነበር መሰለኝ።

"ስልኬማ ዝምታ ወርቅ ነው ይላል" አልኩ።

ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ሳል። ተነስቼ ውኃ ቀዳሁላቸው፣ ብርጭቆው የት እንዳለ አልረሳሁም። ዋጋዋን ነገሩኝ፣ አልተከራከርኩም። ዋጋዋን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ አንዳንዴ ይህ ማስታወሻ ያለበትን መሳቢያ ታጸዳለች።

ልወጣ ስል ያችን ሳንቲም የዋጠች ልጅ አስታወስኩና ነገርኳቸው። እናትየው "አራት" ያለችበት ጋ ስደርስ መስታወቱን መታ መታ አደረጉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"እና" አሉ፣ "ስንት ዓመቷ ነበር?"

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 23

ሰባቱም ወፎች ጠረጴዛዬ ላይ። ባለቤቴ አየቻቸው። ከሁሉም የምትወደው የማቀዝቀዣዋን እርግብ መሆኑን ነገረችኝ፣ ሥራ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት አለች።

ሰባቱ ሞሉ። አሁን ቅዳሜ ምን ብዬ ነው የምሄደው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ቅዳሜ ምን ብዬ እንደምሄድ ተገኝቷል። የዝምታ ወርቅን ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። አውራ ጣት ጠፍቷል፣ ብርሃን ገብቷል። "ትንፋሽዎን ይያዙ" እላታለሁ ሳንቲሟን፣ ጋሼ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር መጠኗን እጽፋለሁ፣ በትልቁ፣ ጉንዳን ባልሆነ ፊደል። ካርቶኖቹንም ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። በብብቴ ይዤ።

ዛሬ አንድ ባለ ኮት ሰውዬ ገባ። ሦስተኛ ሰው! ባለ ዋሊያ አንዲት ትንሽ ሳንቲም ወደደ። ጋሼ መነጽራቸውን ሰጡት። እኔ የመስታወቱ ወዲያ በኩል ካርቶን እያሸግሁ ነበር። ሰውዬው አየ፣ አገላበጠ፣ ከዚያ ሳንቲሟን ጨርቁ ላይ አኖረና ስልኩን አወጣ።

"እዚህ ርካሽ አለ" አለ።

እጄ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። መነጽሩን ከእጁ ወሰድኩ። ቀስ ብዬ።

"ስልክዎ ያጉላልዎ" አልኩት። በአንቱታ ነው ያልኩት። ጨዋ ነኝ።

ሰውዬው ቀላ። ወደ በሩ አየ። የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ወደ ጋሼ ዞርኩ፣ ምን እንደሚሉኝ ሳላውቅ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ጥጥ እየቆነጠሩ ነበር፣ ቀና እንኳ አላሉም።

"መነጽሩን መልስለት" አሉኝ። "እሱም የፖስታ ሣጥን ይኖረዋል።"